የመርከብ ገበታና ሁለተኛው ሂሳብ

የሽርሽር መርከብ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። ትኬቱ ምግብን ይጨምራል፤ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከልም ቡፌው ሳይቀር። ወዲያው ግን ሌላ ዝርዝር ይመጣለታል፦ ስቴክ ቤት፣ የጣሊያን ምግብ ቤት፣ ሱሺ፣ የሼፍ ጠረጴዛ። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ በዚያ ላይ ከመቶ 18 ወይም 20 የአገልግሎት ይታሰባል። ይህን መክፈል ያዋጣል ወይ? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ከሳህኑ ላይ ነው፤ ሥጋው ይለሰልሳል ወይ፣ ሎብስተሩ ትልቅ ነው ወይ እያለ። እኔ ግን መልሱ ከታሪኩ የሚገኝ ይመስለኛል። በመርከብ ላይ ለተሻለ ገበታ ተጨማሪ መክፈል ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው፤ ሲጀመር የነበረው ውል ግን ዛሬ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ያኔ በተለየው ምግብ ቤት የሚበላ መንገደኛ በዋናው አዳራሽ ላልበላው ምግብ ከትኬቱ ላይ ይቀነስለት ነበር። ዛሬ አይቀነስለትም። በእኔ አስተያየት ነገሩ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ልዩነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምግብ ራሱ የትኬቱ አካል ለመሆን ጊዜ ወስዶበታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የሚሰደደው ድሃ ስንቁን ቋጥሮ ነበር የሚሳፈረው፤ ከመርከቡ የሚጠብቀው ውኃና የሚያበስልበት እሳት ነው። ምድጃው ከላይ፣ ክፍቱ ወለል ላይ ነው። ተሳፋሪው ተራ ጠብቆ ያበስላል፤ ማዕበል በተነሣ ቀን እሳቱ ይጠፋና ሰዉ ደረቁን ይቆረጥማል፣ ወይም ጦሙን ያድራል። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1842 ባወጣው ሕግ የመርከብ ባለቤቶች ለእያንዳንዱ መንገደኛ በሳምንት 7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ፣ ዳቦ ወይም ብስኩት ወይም ዱቄት ወይም አጃ ወይም ሩዝ እንዲሰጡ አስገደደ። የተፈለገው ሰው በሕይወት እንዲደርስ ነው፤ ስለ መጥገብ ያሰበ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥር ወር ቻርልስ ዲከንስ የኩናርድ ኩባንያ መርከብ በሆነችው ብሪታኒያ ከሊቨርፑል ወደ ቦስተን ተሻገረ። እሱ የከፈለው የባለ ካቢን ዋጋ ስለሆነ ምግቡ በትኬቱ ውስጥ ነበር። ሆኖም በጉዞ መጽሐፉ መመገቢያ ክፍሉን መስኮት ከተበጀለት ግዙፍ የሬሳ ሠረገላ ጋር አመሳስሎታል፤ ገበታው ላይ ይቀርብ የነበረውም ድንች፣ የአሳማ ሥጋ፣ በጨው የተያዘ የበሬ ሥጋና ትኩስነቱ ያለፈ ፍራፍሬ ነበር። ወተት እንዳይጠፋ ላም በመርከቧ ላይ ትጫን ነበር። በዚያ ዘመን ሀብታሙም ቢሆን በገንዘቡ የተሻለ እራት መግዛት አይችልም፤ የሚሸጥለት አልነበረምና።

ይህን የለወጠው የሐምቡርጉ አልበርት ባሊን ነው። የሐምቡርግ-አሜሪካ መስመር ኃላፊ የነበረው ባሊን በክረምት ሥራ ፈትታ ትቆም የነበረችውን አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለች መርከብ በጥር 1891፣ 241 መንገደኞች አሳፍሮ ወደ ሜዲትራንያን ላካት። የሽርሽር መርከብ ንግድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከዚህች ጉዞ ነው። ለብቻው የሚከፈልበትን እራት ሐሳብ ግን ያገኘው ከባሕር ላይ አይደለም፤ ከለንደን ነው። በሴዛር ሪትዝ ስም የታወቀው የካርልተን ሆቴል ምግብ ቤት ልቡን ስለማረከው አርክቴክቱን ሻርል ሜዌስን አፈላልጎ ቀጠረው። ቤልፋስት ውስጥ ተሠርታ በ1905 ጉዞ በጀመረችው «አሜሪካ» በተባለች መርከብ ላይም ሪትዝ-ካርልተን የሚል ስም የተሰጠው ምግብ ቤት ተከፈተ። ወጥ ቤቱን በማደራጀት የታላቁ ፈረንሳዊ ሼፍ የኦጉስት ኤስኮፊዬ እጅ ነበረበት። በመርከብ ላይ ሰው ከሜኑ የወደደውን አዝዞ፣ በወደደው ሰዓት በልቶ፣ ሂሳቡን ለብቻው የሚከፍልበት ቤት በዚህ ተጀመረ። ሌሎቹ ኩባንያዎች ወዲያው ተከተሉት፤ ከእነሱም ውስጥ የኋይት ስታር መስመር ነገሩን በትልቁ ወሰደው።

የኋይት ስታር መርከብ ኦሊምፒክ በ1911 ሥራ ስትጀምር እንዲህ ያለ ምግብ ቤት ይዛ ነበር፤ በጣም ስለተወደደ በዓመቱ በተከተለችው በታይታኒክ ላይ ቦታው እንዲሰፋ ተደረገ። ታይታኒክ ላይ ያለውን ከቅርብ ማየት ይጠቅማል። የአንደኛ ማዕረግ ዋናው መመገቢያ አዳራሽ ዲ ደርብ ላይ ነበር፤ 554 ሰው በአንዴ ያስቀምጣል። ሰዓቱ ሲደርስ ጥሩንባ ነፊው እየዞረ ጥሩንባውን ይነፋል፤ መንገደኛውም ለብሶ ተኳኩሎ ይወርዳል። ሚያዝያ 14 ቀን 1912 ምሽት በዚያ አዳራሽ የቀረበው ሜኑ ዛሬም አለ፦ ኦይስተር፣ ሳልመን፣ የበሬ ፊሌ፣ የበግ ሥጋ ከናና ማባያ ጋር፣ የዳክዬ ጥብስ፣ የርግብ ጫጩት፣ የዝይ ጉበት ፓቴ፣ መጨረሻ ላይ ፑዲንግና አይስክሬም። ይህ ሁሉ በትኬቱ ውስጥ ነው። ተጨማሪ የሚከፈልበት ምግብ ቤት ደግሞ ወደ ላይ፣ ቢ ደርብ ላይ፣ ግድግዳው በፈረንሳይ ዋልነት እንጨት የተለበጠ፣ ወደ 140 ሰው ገደማ የሚይዝ ክፍል ነበር። ትንንሽ ጠረጴዛዎች፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ አስተናጋጆች አሉት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት ነው፤ ጥሩንባ አይነፋበትም። በዚያች ምሽት የፊላደልፊያው ባለጸጋ ዋይድነርና ባለቤቱ የመርከቧን አዛዥ ካፒቴን ስሚዝን እራት የጋበዙት እዚህ ነበር።

እንግዲህ ዋይድነር የገዛው ምንድን ነው? ምግብ ነው ማለት ይከብዳል። ከታች በነጻ የሚቀርበው እራት አሥር ዓይነት ምግብ ያለው፣ በለንደን ትልቅ ሆቴል ቢቀርብ የማያሳፍር ነበር። የገዛው ሰዓቱን፣ ጠረጴዛውንና አብሮት የሚቀመጠውን ሰው የመምረጥ መብት ነው። ከአምስት መቶ ሰው ጫጫታ ወጥቶ ከስድስት ወይም ከሰባት እንግዳ ጋር በጸጥታ ለመቀመጥ ነው የከፈለው። ከመጀመሪያውም የመርከብ ልዩ ምግብ ቤት የሚሸጠው ይህን ነበር፤ የሚሸጠውም ከታች ያለውን ገበታ ሳያሳንስ ነበር። ሁለተኛው ነገር ውሉ ነው። የኋይት ስታር ደንብ፣ መንገደኛው ጉዞውን በሙሉ በዋናው አዳራሽ ላለመብላት ትኬት ሲቆርጥ ካስታወቀ፣ እንደ ትኬቱ ደረጃ ከ3 እስከ 5 ፓውንድ ይቀንስለት ነበር። ቁጥሩ ትንሽ መስሎ እንዳይታይ፣ በዚያው መርከብ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ ለሙሉው ጉዞ የሚከፍለው ከ7 እስከ 8 ፓውንድ ገደማ ነበር። አንድ ስደተኛ ውቅያኖሱን ለመሻገር ከሚከፍለው ግማሽ ያህሉ ላልተበላ ምግብ ብቻ ይመለሳል ማለት ነው። ኩባንያው የሰጠው ምልክት ግልጽ ነው፦ ምግቡ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ከፍለሃል፣ ካልበላኸው የአንተው ነው።

የዚያ ቤት ታሪክ ሌላም ገጽታ ስላለው ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈልግም። ምግብ ቤቱን በኮንትራት ይዞ የሚያስተዳድረው ሉዊጂ ጋቲ የተባለ በለንደን የታወቀ ጣሊያናዊ ነበር፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያንና ፈረንሳውያን የሆኑት ከ60 በላይ ሠራተኞችም የሱ እንጂ የመርከብ ኩባንያው ቅጥረኞች አልነበሩም። መርከቧ ስትሰጥም ከእነሱ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሴት ገንዘብ ተቀባዮችና የሼፉ ጸሐፊ ፖል ሞዤ። ሞዤ በእንግሊዙ ምርመራ ፊት ቀርቦ ባልደረቦቹ ወደ ጀልባዎቹ ደርብ እንዳይወጡ መከልከላቸውን መስክሯል። እንደ መንገደኛም እንደ ባሕር ሠራተኛም የማይታዩ ሰዎች ሆነው ቀሩ። በመርከብ ላይ ስላለው የተለየ ገበታ ውበት ሲወራ የእነዚህ ሰዎች ነገር ሁሌም መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አርባ አምሳ ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በ1936 የጀመረችው ኩዊን ሜሪ ቬራንዳ ግሪል የሚባል፣ ተጨማሪ የሚከፈልበት ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ ሐሳቡ የባሊን ነው። ወሳኙ ለውጥ የመጣው ከሰማይ ነው። በጥቅምት 1958 የጄት አውሮፕላኖች አትላንቲክን መሻገር ሲጀምሩ የመርከብ መጓጓዣነት እያበቃ ሄደ፤ የቀረው ሽርሽር ነው። በ1966 ነጋዴዎቹ ክኑት ክሎስተርና ቴድ አሪሰን ሰንዋርድ በተባለች መርከብ ከማያሚ የጀመሩት፣ አሪሰን በ1972 ካርኒቫል ብሎ ያስፋፋው ንግድ ደግሞ የማዕረግ ልዩነትን አስቀረ። ካቢኑ ይለያይ እንጂ ገበታው አንድ ሆነ። በአዳራሹ ሁለት ዙር እራት አለ፤ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሌላው 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ። መንገደኛው ሳምንቱን ሙሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አስተናጋጅ፣ አንድ ሰዓት አለው። አስተናጋጁ በሦስተኛው ቀን ስሙን ያውቃል፣ ቡናው ስኳር እንደማይፈልግ ያስታውሳል፣ የልጁ ሳህን ላይ ሽንኩርት አያደርግም። በመጨረሻው ምሽት መብራቱ ይደበዝዝና አስተናጋጆቹ በላዩ እሳት የሚነድበትን የአይስክሬም ኬክ ተሸክመው በሰልፍ ይገባሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ከማያሚ በሚነሣ መርከብ አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛና አንድ ሐኪም ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ሥጋ የሚበሉበት ዘመን ነበር። የዚህ ንግድ ትልቁ ስኬት በእኔ ግምት የመርከቦቹ መጠን ሳይሆን ይህ ነው።

ልዩው ምግብ ቤት ተመልሶ የመጣው በጨዋ መልክ ነው። በ1990 የተጀመረችው ክሪስታል ሃርመኒ ከዋናው አዳራሽ ሌላ አንድ የጣሊያንና አንድ የእስያ ምግብ ቤት አቀረበች፤ የተለየ ዋጋ አልተጠየቀባቸውም። በ1999 የሮያል ካሪቢያን ቮየጀር ኦቭ ዘ ሲስ በ137 ሺህ ግሮስ ቶን ግዝፈቷ ዓለምን ስታስደንቅ ፖርቶፊኖ የሚባል፣ የሚከፈልበት የጣሊያን ምግብ ቤት ይዛ መጣች። በ2000 ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ቋሚ ጠረጴዛውንና ቋሚ ሰዓቱን አስቀርቶ ብዙ ምግብ ቤቶችን፣ ከፊሉን በነጻ ከፊሉን በክፍያ፣ አቀረበ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ ልማዱ የት እንደደረሰ የኩባንያዎቹ ሂሳብ ይናገራል። ሮያል ካሪቢያን በ2023 ካስገባው 13.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 4.3 ቢሊዮን የሚሆነው ከትኬት ውጭ የተገኘ ነው፤ ካርኒቫልም በዚያው ዓመት ካስገባው 21.6 ቢሊዮን ውስጥ 7.5 ቢሊዮን ገደማ እንዲሁ። በዚህ ውስጥ መጠጡ፣ ቁማሩ፣ የወደብ ጉብኝቱና ኢንተርኔቱ ሁሉ አለበት፤ ምግብ ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም ከሚገባው ገንዘብ ሲሶው ከተሳፈሩ በኋላ በሚወጣ ወጪ ላይ የቆመ ኩባንያ፣ ቀድሞ የተከፈለበትን ገበታ ከሁሉ የሚጣፍጥ ለማድረግ የሚገፋው ነገር እየቀነሰ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ጠንካራም ነው። የ1912 የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ከሀብታም ሀብታም ነበር፤ የዛሬው የሽርሽር ትኬት ግን መምህርም ነርስም የሚገዙት ነው፤ ኩባንያው ትኬቱን በዚህ ዋጋ ማቆየት የቻለው አቅም ያለው ሰው ለስቴኩ ተጨማሪ ስለሚከፍል ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ ከፋዩ የድሃውን ገበታ ይደጉማል ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ትኬት ርካሽ መሆኑ ብዙ ሰው ባሕር እንዲያይ አድርጓል፤ ይህን ማንም መንጠቅ የለበትም። ግን ድጎማ የሚባለው የሚደጎመው ነገር ባለበት ሲቆይ ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዙ መርከቦች ዋናው አዳራሽ ሜኑ ውስጥ ራሱ አንዳንድ ሥጋዎች ተጨማሪ ዋጋ ተጽፎባቸው ይታያሉ፤ በአንዳንዱ ደግሞ ወደ ካቢን የሚመጣ ምግብ ይከፈልበታል። ሁለተኛው ሂሳብ ወደ መጀመሪያው ገበታ ከወረደ፣ የሚደጎመው ድሃ የቱ ነው?

ሁለተኛው ተቃውሞ የነፃነት ነው። ማንም አልተገደደም፤ ያልፈለገ ከታች ይብላ ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ነገር በ2014 ተከስቷል። ሮያል ካሪቢያን ኳንተም ኦቭ ዘ ሲስን ሲያስጀምር ትልቁን አዳራሽ ለአራት የተለያዩ ነጻ ምግብ ቤቶች ከፋፈለው፤ መንገደኛው በየምሽቱ ቦታ እያስያዘ እንዲዟዟር ነበር ሐሳቡ። ምርጫ ከተባለ ከዚህ በላይ ምርጫ የለም። መንገደኛው ግን አልወደደውም። ቦታ ማስያዙ አሰለቸው፣ ሰልፉ አስመረረው፣ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው አስተናጋጅ ጠፋበት። ኩባንያው መጀመሪያ የቀድሞውን አሠራር እንደ አማራጭ መለሰ፤ ከዚያ ዕቅዱን ጭራሽ ተወው። ሰው ከእራቱ ይፈልግ የነበረው የሜኑ ብዛት አልነበረም። የሚያውቀው ጠረጴዛ፣ የሚያውቀው ሰው፣ የማይሯሯጥበት ሰዓት ነው የፈለገው። ይህ ደግሞ ዋይድነር በ1912 ከላይ ደርብ ላይ የገዛው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መምህሩም ነርሷም በትኬታቸው ያገኙት ያው ነገር ነው። ዛሬ በልዩው ምግብ ቤት የሚሸጠውም እሱው ነው። ቋሚ ጠረጴዛ ዛሬም በብዙ መርከቦች ይገኛል፤ አዳራሹ በተጨናነቀና አስተናጋጁ በተጣደፈ ቁጥር ግን ሰው ጸጥታውን ከላይ ደርብ ላይ በተጨማሪ ገንዘብ ለመግዛት ይገፋል። ይህን ነፃ ምርጫ ብሎ መጥራት ያዳግተኛል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን እቀበለዋለሁ። ምግቡ በእርግጥ ይሻላል የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም። ምክንያቱ የሼፉ ችሎታ ሳይሆን የሥራው ዓይነት ነው። ሁለት ሦስት ሺህ ሰው በአንድ ምሽት የሚያበላ ወጥ ቤት የሚሠራው እንደ ሠርግ ድግስ ነው፤ ሥጋው በብዛት ይጠበሳል፣ ሳህኑ ይደረደራል፣ ክዳን ይደፋበታል፣ አስተናጋጁ ተደራርቦ የተከደነውን ሳህን በትልቅ ትሪ ትከሻው ላይ አድርጎ ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛው ይሮጣል። ስቴክ በክዳን ሥር ደቂቃ በቆየ ቁጥር በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ «በደም ያለ» ብሎ ያዘዘ ሰው የበሰለ ይደርሰዋል። መቶ ሰው የሚያስቀምጠው ስቴክ ቤት ግን ትዕዛዙ ሲመጣ ነው እሳት ላይ የሚጥለው። ዓሣም እንዲሁ ነው። ወጥ፣ ሾርባ፣ ፓስታ በሶስ፣ የተጠበሰ አትክልትና ጣፋጭ ግን ብዛት አይጎዳቸውም፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም በብዛት ሲሠሩ ይጥማሉ። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ በእርግጥ የሚገዛው ምግብ ቢኖር ከእሳት ላይ ወጥቶ ወዲያው መበላት ያለበት ነው። ለጣሊያን ምግብ ቤቱ ፓስታ ሁለተኛ መክፈልን ግን ማስረዳት አልችልም።

በዚህ መለኪያ ፍርዴ እንዲህ ነው። በሳምንት ጉዞ አንድ ምሽት፣ ለሠርግ መታሰቢያ ወይም ከልጆች ተለይቶ ለመነጋገር፣ ስቴክ ወይም ዓሣ ቤት ገብቶ መክፈል ያዋጣል፤ የሚገዛው ጸጥታም እሳትም እውነተኛ ነው። ለሙሉው ሳምንት የሚሸጠውን የምግብ ቤቶች ጥቅል መግዛት ግን አያዋጣም፤ አንድ ጊዜ የተከፈለበትን እራት በየምሽቱ ትቶ ሌላውን እንደገና መክፈል ነውና። ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ ወደ ፍሎሪዳ ወርደው ለሚሳፈሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ጉዞው በጾም ወቅት ከዋለ የስቴክ ቤቱ ቁርጥ ዋጋ ለጿሚ ከንቱ ነው፤ ድንችና ሰላጣ ለመብላት የሥጋ ዋጋ ይከፈልበታል። በዋናው አዳራሽ ግን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚሠራ ምግብ አስቀድሞ ለሚናገር ሰው ይዘጋጃል፤ ለዚያም ተጨማሪ አይጠየቅበትም።

ኩባንያዎቹስ ምን ቢያደርጉ ይሻላል? የኋይት ስታርን ቅናሽ መመለስ። ልዩ ምግብ ቤት ለገባ ሰው የዋናው አዳራሽ እራት ወጪ ከሂሳቡ ይቀነስለት። ይህ ሂሳብ ያወሳስባል የሚል ካለ፣ በ1912 ያለ ኮምፒዩተር፣ በቀለምና በመዝገብ ተሠርቶ ነበር። ዛሬ የመንገደኛው የካቢን ካርድ እያንዳንዷን ቢራና እያንዳንዷን ቡና በሰከንድ ይመዘግባል። ቅናሹ ሁለት ሦስት ዶላር ብቻ ቢሆን እንኳ ኩባንያው ለነጻው ገበታ ዋጋ እንዲያወጣለት ያስገድደዋል፤ ዋጋ የወጣለት ነገር ደግሞ ሲያንስ ይታወቃል። እስከዚያው ድረስ የሚጓዝ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የልዩውን ምግብ ቤት ሜኑ ትቶ የዋናውን አዳራሽ የሳምንት ሜኑ ይመልከት፤ ተጨማሪ ዋጋ የተጻፈባቸው ምግቦች ስንት እንደሆኑ ይቁጠር፤ ቋሚ ጠረጴዛ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቅ። ስቴክ ቤቱን መቅመስ ከፈለገም፣ አንዳንድ መርከቦች ወደብ በማይነኩበት ቀን በምሳ ሰዓት ይከፍቱታል፤ ያው ወጥ ቤት ነው፣ ዋጋውም ከእራቱ ያንሳል።